ከሁለቱ አንዱ

በቅሎዋ ቁልቁለቱን ስትጀምር ሞግዚቷ የኮርቻውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ጠጠሩ ከኮቴው ስር እየተፈናቀለ ገደል ይገባል። ከፊቷ ጋሻ ያነገቡት ወታደሮች እየተንሸራተቱ መንገዱንም መንገዱን የሠራውንም ይራገማሉ። ከኋላዋ ደግሞ የእሜቴን ባለመጋረጃ ወንበር የተሸከሙት ስምንት ሰዎች «ቀስ፣ ቀስ» ይባባላሉ። ወንዙ ከታች በጉም ተሸፍኗል። ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም።

«አይዞሽ እማ ወተት» አለ ልጓሙን የያዘው በቅሎ ሳቢ፣ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ። «ይቺ በቅሎ ሰው ጥላ አታውቅም።»

«እውነትህን ነው?»

«ከሰው ጋር አብራ ወድቃ ታውቃለች እንጂ፣ ጥላስ አታውቅም።»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅለት ነበር። ዛሬ ግን ፊቷ እንደ ቆዳ ደርቆባታል።

እማ ወተት የሚለውን ስም ያወጡላት የግቢው ልጆች ናቸው። ድሮ በትልቁ ጌታ ግቢ ጥጥ ፈታይ ነበረች። ሆዷ ሲገፋ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ወልዳ ሁለት ወር እንደሞላት እሜቴ፣ የትልቁ ጌታ ሚስት፣ አልጋ ወራሹን ወለዱ። በሳምንቱ የእሜቴ ጡት ደረቀና እሷ ከነልጇ ተጠርታ መጣች። የልጇ አባት ማን እንደሆነ ሲጠይቋት «ዘማች ነበር፤ አልተመለሰም» ትላለች። ከዚያ በላይ አፏን ያስከፈታት የለም።

«ቀኝ ጡትሽ ለልዑሉ፣ ግራው ለልጅሽ» ብለው አዘዙ እሜቴ። ቀን ቀን እንደታዘዘችው ታደርጋለች። ሲመሽ ግን ማን ያያታል? ቀድሞ ያለቀሰው የቀረበውን ይጠባል።

ልጆቹ ሦስት ዓመት ሲሆናቸው ትልቁ ጌታ በጦርነት ተሸነፉና ከወንዙ ማዶ ካለው ገዥ ጋር እርቅ ወረደ። ለእርቁ መያዣ አልጋ ወራሹ ተጠየቀ። «ልጄ እዚያ ብቻውን አያለቅስም፤ የወተት ወንድሙ አብሮት ይሂድ» አሉ እሜቴ። እማ ወተትን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሁለቱን ሕፃናት በአንድ ኮርቻ ላይ አስቀምጠው እስከ ወንዙ የወሰዷቸው የትልቁ ጌታ ታናሽ ወንድም ነበሩ፤ የዛሬው እንደራሴ። እግራቸው ላይ ወድቃ ስትለምናቸው «ምን ያስለቅስሻል? ለመከሩ ይመለሳሉ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሰባት መከር ገብቷል። ትልቁ ጌታ ሞቱ። ወንድማቸው «ወራሹ እስኪመለስ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እንደተቀመጡም ቀሩ።

ባለፈው ክረምት የማዶው ገዥ ወንድም ተማረከ። ማዶዎቹም «ወንድማችንን ስጡን፣ አልጋ ወራሻችሁን እንሰጣችኋለን» ብለው ላኩ። አብሮት የመጣው ልጅ ገና በልጅነቱ በትኩሳት ሞቷል አሉ። መልእክተኛው ይህችን የተናገራት ዕቃ ሰብሮ እንደሚያመካኝ ሰው በግማሽ አፉ ነበር። እማ ወተት ከበሩ ኋላ ቆማ ሰማች። እንባዋ ዓይኗ ጫፍ እንደደረሰ ከሸንጎው አንዱ ሰው «የሞተው ልዑሉ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። «የፈታይ ልጅ በገዥ ወንድም እንደማይለወጥ እነሱም ያውቃሉ። በሕይወት የቀረውን ልዑል ነው ብለው ቢልኩብንስ?»

 እንባዋም እዚያው ዓይኗ ጫፍ ላይ ቀረ፤ ይውረድ አይውረድ የሚነግረው አጣ።

የሁለቱንም ገላ የሚያውቅ ሰው ተፈለገ። ከእሷ ሌላ አልተገኘም።

ቁልቁለቱ ረገብ ሲል እንደራሴው ፈረሳቸውን ገታ አድርገው ከጎኗ ደረሱ። በቅሎ ሳቢውን በዓይናቸው ብቻ ገፉት፤ ልጓሙን ለቆ ወደኋላ ቀረ።

«ደከመሽ?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ።»

«ከአንቺ የምፈልገው እውነቱን ብቻ ነው።» ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሁልጊዜም ለስላሳ ነው። «ልዑሉ ከሆነ እሰየው፤ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ወንበሩን አስረክቤው አርፋለሁ። ያንቺ ልጅ ከሆነ ደግሞ…» ፈረሳቸውን ወደ በቅሎዋ አስጠጉ። «ያንቺ ከሆነ ማንም ፀጉሩን አይነካውም። ማዶዎቹን አባብዬ አስቀረዋለሁ። ያችን ከወፍጮው በላይ ያለችውን ቤት ታውቂያት የለ? ከነእርሻዋ ለሁለታችሁ ትሆናለች። ልጅሽን ይዘሽ በሰላም ትኖሪያለሽ።»

የኮርቻውን ጫፍ ይበልጥ ጨበጠች።

«ያየሽውን ብቻ ተናገሪ» ብለው ፈረሳቸውን ኮለኮሉ።

ከቤት ስትነሳ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበረች። አየዋለሁ፤ ሳየው አውቀዋለሁ። የወለደች፣ ያጠባች፣ ያጠበች ሴት እንዴት ይጠፋታል? አሁን ግን እንደራሴው ዓይኗ ውስጥ ጉድፍ ጥለውባት ሄዱ። ከወፍጮው በላይ ያለችው ቤት ወለል ብላ ታየቻት። በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ የጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል። ቀና ብሎ «እማዬ» ይላታል። ፊቱን በጥራት አየችው፤ ገና ያላየችውን ሰው ፊት! ያን ጊዜ ደነገጠች። አሁን ወንዙ ዳር የሚቀርበው ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ፊት ላይ ደርባ እንደምታየው ገባት።

«ምን አሉሽ?» አለ በቅሎ ሳቢው ተመልሶ።

«ያየሽውን ተናገሪ አሉኝ።»

የበቅሎዋን አንገት ቸብ ቸብ አደረገ። «ይቺ የታደለች ናት። አትወልድ። ነይና ልጅሽን ለዪ የሚላት የለ።»

ረፋዱ ላይ ጉሙ ተገፈፈና ወንዙ ታየ። ሰፊ ነው፣ ድፍርስ ነው። መሃሉ ላይ አንዲት የአሸዋ ደሴት አለች፤ እዚያ ላይ አንድ ድንኳን ተተክሏል። ማዶ ፈረሰኞች ተሰልፈዋል። ወዲህ ደግሞ ምርኮኛው፣ የማዶው ገዥ ወንድም፣ እጁ ታስሮ ዛፍ ስር ተቀምጧል። ከሁለቱም ዳር እስከ ደሴቲቱ ገመድ ተወጥሯል፤ ገመዱን እየሳበች የምትሻገር አንዲት ታንኳ አለች።

እማ ወተት ከበቅሎ ሳትወርድ እሜቴ አስጠሯት። መጋረጃውን ገልጠው እጃቸውን ዘረጉላት። የብር ቀለበቱ ከጣታቸው ሊወልቅ ደርሷል፤ ከስተዋል።

«የሸንጎው ዳኛ እኔን አናምንም አሉ» አሉ። «እናት ስለሆንኩ። እናት አትመሰክርም አሉኝ።»

«እኔንስ እንዴት አመኑኝ እሜቴ?»

«አንቺ የሁለቱም ነሽ ብለው ነዋ።» ከንፈራቸውን ነከሱ። «እኔ እንኳን ላየውም አያስፈልገኝ። አሁን እዚህ ተቀምጬ ከማዶ ሲያስል ሰማሁት። የልጄ ሳል ነው። አንጀቴ አውቆታል።»

በዚህ ሁሉ የውሃ ጩኸት መሃል! ልዑሉ ሕፃን ሳለ ሲያስል ያደረ ቀን እሜቴ ከሦስት ክፍል ወዲያ ይተኙ እንደነበር እማ ወተት ታስታውሳለች። ግን አልተናገረችም። ቀናችባቸው። እንዲህ ያለ እርግጠኝነት ከየት ይመጣል? ለእሷ ትንሽ ቆንጥሮ የሚሰጣት ቢገኝ።

«እኔ ያለኝ አንድ ልጅ ነው» አሉ እሜቴ እጇን ጨብጠው።

«እኔም እሜቴ።»

እሜቴ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ።

በታንኳዋ ከዳኛው ጋር ተሻገረች። ዳኛው ሸምገል ያሉ፣ ብትራቸው ላይ የሚደገፉ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። እንደራሴው ዳር ላይ ቀሩ። ድንኳኑ ውስጥ ከማዶ የመጣ አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያስላል። ዳኛው አስማሏት፤ ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትን አላየሁም አልልም ብላ ማለች። ከዚያ የድንኳኑ መጋረጃ ተገለጠና አንድ ወጣት ጎንበስ ብሎ ገባ።

ዳኛው ትንፋሻቸውን ሳቡ። «ቁርጥ አባቱን!» አሉ፣ ሳያስቡት።

እውነታቸውን ነበር። ያ ረጅም አፍንጫ፣ ያ ወደታች ዘንበል ያለ ቅንድብ፣ ያ ሲቆም አንድ ትከሻውን ዝቅ የሚያደርገው ነገር፤ ትልቁ ጌታ ከመቃብር ተነስተው የመጡ ይመስላል። ዳኛው ነገሩ እዚያው ያለቀ መሰላቸው። ለእማ ወተት ግን አላለቀም። አልተመለሰም የምትለው ዘማች ኖሮ አያውቅም። ከፈትል ቤቱ ኋላ ባለው ክፍል የሆነውን ከእሷና ከትልቁ ጌታ በቀር ያወቀ አልነበረም፤ እሳቸውም ሞተዋል። አፍንጫው የሁለቱም አፍንጫ ነው። ዳኛው ያዩትን ሁሉ እሷም አይታለች፤ ለእሳቸው መልስ የሆነው ለእሷ ምንም አልሆነም። ይህንን ደግሞ ማንም ፊት አትናገረውም።

«ቅረቢ፤ እዪው» አሉ ዳኛው።

ቀረበች። «ጫማህን አውልቅልኝ» አለችው። ልዑሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የቀለጠ ሰም ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ፈሶበት፣ ጠባሳው የቅጠል ቅርጽ ይዞ ቀርቶ ነበር። የልጇ እግር ንጹሕ ነው። መንገዱን ሁሉ ያሰበችው ይህንን ነው፤ አንድ ጠባሳ፣ አለ ወይም የለም።

ወጣቱ ጫማውን አወለቀ። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ዙሪያቸውን ጠቁረው፣ ደድረው፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቀዋል።

«የእግር ብረት ነው» አለ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ብሎ። «ልጅ ሆኜ ልጠፋ ሞክሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አላወለቁልኝም።»

ተንበርክካ ቀኝ እግሩን ያዘች። አውራ ጣቷን በደደረው ቆዳ ላይ አዟዟረች። እዚህ ጋ የሆነ ጠርዝ አለ፤ የቅጠሉ ጫፍ! መልሳ ስትጫነው ጠፋ። ትንሽ ዝቅ ስትል ሌላ አገኘች፤ እሱም ብረቱ የሠራው ይሆናል። ጣቷ የሚፈልገውን ያገኝና መልሶ ያጣዋል። ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨፍናም ያው ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። ፈረስ ይሸታል፣ ጭስ ይሸታል፣ ማንኛውም ወታደር የሚሸተውን።

«እጅሽ ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ያን ጊዜ ጡቷ ቆነጠጣት። ከስንት ዓመት በኋላ! ሕፃን ሲያለቅስ ወተት ሊወርድ ሲል እንደሚሆነው፣ ያ የመርፌ ውጋት። ልጄ! አለ ውስጧ፣ ልጄ ነው፤ ዓይን ቢሳሳት ገላ አይሳሳትም። ለመጮህ አፏን ከፈተች። ውጋቱ ግን በግራ ብቻ አልነበረም፤ በቀኝም ነበር። ይህ ጡት ሁለቱንም አጥብቷል። አንዱን ከአንዱ ለይቶ አያውቅም፤ ማንም እንዲለይ አላስተማረውም።

ዳኛው ስለ ታንኳዋ ሊጠይቁ ከማዶው ሽማግሌ ጋር ወደ በሩ ወጣ አሉ። ወጣቱ ጎንበስ አለ።

«እማ ወተት አንቺ ነሽ?»

«ስሜን ማን ነገረህ?»

«ማንም። አስታውሰዋለሁ። ስምሽን፣ አረንጓዴ በር፣ አንድ ጆሮ የሌላት ድመት። ሌላ ምንም የለም።»

ድመቷን ሁለቱም ጭራዋን ይዘው ሲያሯሯጧት ነበር የሚውሉት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። ዓይኑ በሩ ላይ ነው። «እኔ የትኛው ነኝ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እዚያ የሚጠሩን ‹ሁለቱ› ብለው ነበር። ሁለቱን አብሏቸው፣ ሁለቱን አስተኟቸው። እሱ የሞተ ዕለት የጠባቂዎቹ አለቃ መጣና ‹ልዑሉ አንተ ነህ፣ እንዳትረሳ› አለኝ። አልረሳሁም። ከዚያ በፊት ምን እንደነበርኩ ግን አላውቅም። ዋሽቶኝ ይሁን እውነቱን ነግሮኝ፣ በምን ልለየው? ሌሊት ሌሊት ሁለቱንም እሆናለሁ።» ጫማውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «አንድ ሰው አለች፣ እሷ አይታ ትነግረኛለች እያልኩ ነው እዚህ የደረስኩት።»

እማ ወተት ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ውስጥ የራሷን ፊት አየች፤ ትንሽ፣ ጥቁር፣ የተጣመመ። ከዚያ ወዲያ ማለፍ አልቻለችም። «የኔ ነህ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ቆመ። ከወፍጮው በላይ ያለችው ቤት። የጫማው ጭቃ።

«ገና ነው እንዴ?» ብለው እንደራሴው ከዳር ተጣሩ።

ያ ለስላሳ ድምፅ ውሃውን ተሻግሮ ሲመጣ ሰውነቷ ሽምቅቅ አለ። ለመከሩ ይመለሳሉ ያላት ይህ ድምፅ ነው። በዚህች ቅጽበት ስለዚህ ዓለም እርግጠኛ ሆና የምታውቀው ነገር ቢኖር ያ ሰው ቃሉን እንደማይጠብቅ ብቻ ነበር። ደግሞስ ይህንን አፍንጫ አንዴ ካዩት? የፈታይ ልጅ ነው የተባለ ሰው የወንድማቸውን ፊት ተሸክሞ ከወፍጮው በላይ እንዲኖር ይተዉታል? አንድ ወር አያድርም። ልዑሉ አይደለም ተብሎ ወደ ማዶ ቢመለስ ደግሞ ማዶዎቹ ለምናቸው ይቀልቡታል?

በሕይወት የሚኖርበት አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። ያ ቃል ደግሞ ልጇን ይገድላል።

ዳኛው ተመለሱ። «እህስ?»

ተነሳች። «ልዑሉ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«በእጄ ጌታዬ። ዓይንማ ይሳሳታል። እጄ ግን ያጠበውን ገላ አይስትም። ጠባሳው ከብረቱ ስር አለ፤ አግኝቼዋለሁ።»

ዳኛው በረጅሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ ብሏቸዋል። «ምስክር ማለት ይህች ናት» አሉ ለማዶው ሽማግሌ። «ሳትጠራጠር፣ ሳትወላውል።»

ወጣቱ ትንፋሹን ለቀቀ። ፊቱ ላይ ዕረፍት አየች። ዕረፍት መሆኑንም እንኳ እንጃ፤ አንድ ነገር ከፊቱ ላይ ወርዶ ሄደ። እሷ ግን መሬት ወድቃ ጉልበቱን ሳመች። ከጥቂት ደቂቃ በፊት አንተ ያለችው አፏ ራሱን በራሱ አረመ።

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ» አለች።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር በጥድፊያ ሆነ። መለከት ተነፋ። ምርኮኛው እጁ ተፈቶ ወደ ማዶ፣ ወጣቱ ወደዚህ ዳር ተሻገሩ። በወጣቱ ትከሻ ላይ ወርቅማ ካባ ጣሉ፤ ሰፍቶት ወደኋላ ይጎትተዋል። ወታደሮቹ ጋሻቸውን ምድር አድርገው ተንበረከኩ። እሜቴ ከወንበራቸው ወርደው፣ ያ ሁሉ ክብራቸው ቀርቶ በጭቃው ውስጥ ሮጡ። አንገቱ ላይ ተጠምጥመው «አላልኩም? ሳሉን አላወቅኩትም?» እያሉ አለቀሱ። ወጣቱ ከመጣ ጀምሮ አንድም ጊዜ አላሳለም። የሚያስለው አብሮት የተሻገረው ሽማግሌ ነው፤ አሁንም ደሴቲቱ ላይ ቆሞ ያስላል። እሜቴ አልሰሙትም።

እንደራሴው የወንድማቸውን ልጅ ትከሻ ሳሙ። ፊቱን ትክ ብለው አዩት፣ አፍንጫውን። ከዚያ በእማ ወተት አጠገብ ሲያልፉ እርምጃቸውን ሳያቋርጡ «ቤቲቱ ጥሩ ነበረች» አሏት።

እሜቴ ደስታው ጋብ ሲልላቸው ትዝ አለቻቸው። ከልባቸው አዘኑላት፤ እውነተኛ ሐዘን ነበር። «ይቺ ምስኪን ልጇ እንደሞተ ዛሬ ገና አረጋገጠች» ብለው ከራሳቸው ጥቁር ሻሽ ፈትተው ላኩላት። በቅሎ ሳቢው ሻሹን ሲያይባት ባርኔጣውን አወለቀና ቀልድ አጣ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለ ብቻ።

«አሜን» አለች። ሌላ ምን ትላለች?

ሲመለሱ ዳገቱ ላይ ለማረፍ ቆሙ። ሰው ሁሉ ውሃ ሲጠጣ እሷ ከበቅሎዋ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወጣቱ ካባውን በክንዱ ጠቅልሎ ብቻውን መጣ። ልትነሳ ስትል በእጁ መለሳትና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ተለውጧል። ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ዓይኑ አያርፍም ነበር፤ የዚህኛው አርፏል።

«ስለ ልጅሽ ልነግርሽ ፈልጌ ነው» አለ። «እስከ ዛሬ ሳስበው እንኳ እፈራ ነበር። እሱ ይሁን እኔ የሞትኩት አላውቅማ። አሁን ማን እንደሆንኩ ስለነገርሽኝ ላዝንለት ቻልኩ።»

«ይንገሩኝ ጌታዬ።»

«በአንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። ትኩሳቱ ሲይዘው ሊለዩን ሞክረው ነበር፤ አልለቀቀኝም። አልጮኸም፣ አልተሰቃየም ብል እዋሻለሁ፤ ተሰቃይቷል። መጨረሻ ላይ ግን ዝም አለ። ጆሮዬን ይዞ ነው የሞተው።»

«ጆሮዎን?»

«ጆሮ ሳይዝ አይተኛም ነበር። እንዲህ።» የጆሮውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አሻሽቶ አሳያት።

እማ ወተት እጇ ሳታዘው ወደ ጆሮዋ ሄደ። እዚያ ነበር። ያ ትንሽ፣ የሞቀ፣ ወተት ወተት የሚሸት ጣት፤ እያሻሸ፣ እያሻሸ፣ እየቀነሰ፣ እንቅልፍ ሲወስደው የሚለቅ። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነበር እንደዚያ የሚያደርገው። ሌላው ጆሮውን ሲነኩት እንኳ ይናደዳል። ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ስንት ሌሊት ያንን ጣት እያስታወሰች ተኝታለች! የልጄ ጣት ትለው ነበር። አሁን ጨለማውን አየችው፣ ጡቷን፣ ትንፋሹን፣ ጣቱን። ከጣቱ እስከ ክንዱ፣ ከክንዱ እስከ ትከሻው ወጣች። ከትከሻው በላይ ያለውን ፊት ፈለገችው። የለም። ነበረ? ወይስ የናፈቃት ልጇ ስለሆነ ጣቱንም ለልጇ ሰጥታው ኖሯል? ስታስታውሰው የኖረችው የሆነውን ይሁን የፈለገችውን የሚነግራት ምን ቀርቷል?

ወጣቱ ፊቷን ያያል። «ያንቺ ልጅ እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ አይደል?»

አልጠየቃትም። እንድታጸናለት ነው የለመናት። አይደለም ብትል ወደዚያ ወደ ድንኳኑ ሰው ይመለሳል። አላውቅም ብትልም ይመለሳል።

«አዎ ጌታዬ» አለች። «የኔ ልጅ ነበር።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ዓይኗ ጫፍ ላይ የቀረው ሁሉ ወረደ፤ ለማን እንደሚወርድ ሳይጠይቃት። ወጣቱ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈና ቆየ። ጥሩ ልብ አለው። የሁለቱም ልብ ጥሩ ነበር።

«ልጄ!» ብለው እሜቴ ከመጋረጃው ውስጥ ተጣሩ።

ወጣቱ ፈጥኖ ተነሳ፣ ካባውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አቤት እናቴ!» አለ። ድምፁ ውስጥ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረም።